ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ታውቁኛላችሁ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጧት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት እየተፈራረቅሁ። አሁን ወጣት ኦፕሬተሮችን አሠለጥናለሁ። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሌሊት ፈረቃ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም አደርጋለሁ፤ ጉዳዩ የብዙ ወጣቶች ነውና።

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የክልል መቆጣጠሪያ ማዕከል ኦፕሬተር ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የጧቱንና የከሰዓቱን ፈረቃ እወደዋለሁ። ሌሊቱ ግን አቅም አሳጥቶኛል። እስከ 8 ሰዓት ደህና ነኝ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን አየዋለሁ እንጂ አላነበውም። ምንም ነገር ስለማይፈጠር ዓይኔ ይከደናል። ለፈረቃ ኃላፊዬ ብነግረው ‹ወጣት ነህ፣ ቡና ጠጣ› አለኝ። የሚያስፈራኝ እንቅልፉ ብቻ አይደለም። የሆነ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠርና ደንዝዤ ብቀርስ? ምን ይመክሩኛል?»
— ስሜ ይቆይ፣ ከደቡብ

መልስ

ልጄ፣ ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። ይሄ ስንፍና አይደለም። የሰው አካል የራሱ ሰዓት አለው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ሐሳብ ይዘገያል፣ ዓይን ይከብዳል። ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት የሠራ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። የቆየ ሰው የሚለየው ያንን ሰዓት አስቀድሞ ስለሚጠብቀውና ስለሚዘጋጅለት ነው። የዚህን የሰውነት ሰዓት አሠራር የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምናው ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ኃላፊህ እንደገና «ወጣት ነህ» ካለህ ይህንን በትሕትና ንገረው።

«ምንም ነገር አይፈጠርም» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ሌሊት ብዙ ነገር ይፈጠራል። ቀስ ብሎ ስለሚሆን ነው የማታየው።

እስቲ አብረን እንየው። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት አገሩ በሙሉ መብራት አብርቷል፣ ምጣድ ጥዷል፣ ቴሌቪዥን ከፍቷል። ከ5 ሰዓት በኋላ ጭነቱ ይወርዳል። ጭነት ሲወርድ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ ከ50 ኸርዝ በላይ ማምለጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ተርባይኖቹን እያስቀነስክ፣ አንዳንዱንም ዩኒት (አንድ ተርባይን ከነጄኔሬተሩ) ጭራሽ ከመረቡ እያስወጣህ ትሄዳለህ። ቮልቴጁም ይነሳል። ጭነት ያልያዘ ረጅም መስመር በወዲያኛው ጫፍ ቮልቴጁን ሽቅብ ይገፋዋል። የእኛ አገር መስመሮች ደግሞ ረጃጅም ናቸው። ከጊቤ 3 በወላይታ ሶዶ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን 400 ኪሎ ቮልት አስብ። ከሕዳሴ ግድብ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚገባውን 500 ኪሎ ቮልት አስብ። በምሽቱ ጭነት ቮልቴጁ ወረደብኝ ብለህ የተጨነቅክበት ጣቢያ ሌሊት ከፍ ብሎ ያስጨንቅሃል። ሪአክተር የሚባለውን፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚያወርድ መሣሪያ ታስገባለህ። አልበቃ ሲል ከሁለት ትይዩ መስመሮች አንዱን ትከፍታለህ፤ በእኛ ሥራ «መክፈት» ማለት ማቋረጥ ነው። አንዱን በከፈትክ ጊዜ ግን የቀረው መስመር ብቻውን ነው።

ሌላም አለ። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ በሙሉ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ነው። ጊቤ 1 በሙሉ 184 ሜጋ ዋት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያለው ሕዳሴ ግን አንዱ ተርባይን ብቻውን 400 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫል። ምሽት ላይ ብዙ ማሽን እየዞረ ሳለ አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ ይደግፉታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚዞረው ማሽን ጥቂት ነው። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ዩኒት ቢወጣ ፍሪኩዌንሲው የሚወርደው በፍጥነት ነው። አንተ «ምንም የለም» የምትለው ሰዓት፣ ለእኔ መረቡ ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳበት ሰዓት ነው።

አንድ የታወቀ ታሪክ ልጨምርልህ። የማሠለጥናቸውን ልጆች ሁሉ ደቂቃ በደቂቃ አስጠናቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 ነው። በእኛ መስከረም 17 ቀን 1996፣ የመስቀል ዕለት። ሌሊቱን ጣሊያን ከጎረቤቶቿ ብዙ ኃይል እያስገባች ነበር። በእነሱ አገር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሉክማኒየር በሚባለው ተራራ የሚያልፈው 380 ኪሎ ቮልት መስመር ዛፍ ነክቶ ወጣ። መልሰው ለማስገባት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። የተሸከመው ጭነት ሳን በርናርዲኖ ወደሚባለው ሌላ መስመር ዞረ። ያ መስመር ከአቅሙ በላይ ሊሸከም የሚችለው ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። 9 ሰዓት ከ11 ላይ ከስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያን ስልክ ተደወለ። የምታስገቡትን በ300 ሜጋ ዋት ቀንሱ ተባሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀነሱ። አልበቃም። በዚያች ሰዓት ጣሊያን ውስጥ ውሃ ወደ ላይኛው ግድብ የሚገፉ ትልልቅ ፓምፖች እየሠሩ ነበር። እነሱን ማቆም ብቻ ብዙ ጭነት ያቀል ነበር። 9 ሰዓት ከ25 ላይ ሁለተኛው መስመር በሙቀት ረገበና እሱም ዛፍ ነካ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር በሰከንዶች ሆነ። የቀሩት መስመሮች ተከታትለው ወጡ። ጣሊያን ከቀረው አውሮፓ ተቆረጠች። ፍሪኩዌንሲው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ታግሎ ወደቀ። ከሰርዲኒያ ደሴት በቀር አገሩ ሁሉ ጨለመ። 56 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያለ መብራት ቀረ። ሲሲሊ ሙሉ በሙሉ የተመለሰላት በዚያው ዕለት ማታ ነው።

ልብ በል፣ እዚያ የተኛ ሰው አልነበረም። ስልክ ተደውሏል፣ ትዕዛዝ ተሰጥቷል፣ ትዕዛዙም ተፈጽሟል። በኋላ ጉዳዩን ያጣሩት ባለሙያዎች ያገኙት ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ሁለተኛው መስመር ምን ያህል አጣዳፊ ሁኔታ ላይ እንዳለ በጊዜው አልታሰበም፤ የተወሰደውም እርምጃ አነሰ። ይሄ የሌሊት አእምሮ ባሕርይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ረጅም ይመስላል። 300 ሜጋ ዋትም ብዙ ይመስላል።

ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው፤ ማሰቡን አስቀድመህ ጨርሰው። በየሰዓቱ የመለኪያዎቹን ንባብ መዝግበህ ስታበቃ፣ አብሮህ ላለው ተረኛ ጮክ ብለህ አንድ ጥያቄ ጠይቀው። «ይሄ መስመር አሁን ቢወጣ ምን እናደርጋለን?» መስመሩን በየሰዓቱ ቀይረው። ጭነቱ ወደየት ይዞራል? ያ መስመር ስንት ይችላል? መጀመሪያ የምንደውለው ለየትኛው ማመንጫ ነው? የትኛውን ፊደር (ለሰፈሮች ኃይል የሚያደርስ መስመር) እናወጣለን? የትኛውን በፍጹም አንነካም? ሆስፒታልና የውሃ ፓምፕ ያለበትን ፊደር ስሙን በልብህ ያዝ። መልሱን በወረቀት ጻፈውና ከስልኩ አጠገብ አስቀምጠው። በልብ ማሰብ አይበቃም፤ ድምፅ ያስፈልገዋል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሁለቱም ይነቃሉ።

እኔ ይህ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የክረምት ሌሊት፣ ምዕራቡ በሙሉ መብረቅ ነበር። 9 ሰዓት ላይ ከጓደኛዬ ጋር አንዱን መስመር አንስተን ተነጋገርን፤ ጻፍነው። ገና ወረቀቱ ከጠረጴዛው ሳይነሳ አላርሙ ጮኸ። የወጣው ራሱ መስመሩ ነው። ፍሪኩዌንሲው 49.7፣ 49.5፣ 49.3 እያለ ሲወርድ ጓደኛዬ ስልኩን አንስቶ ማመንጫውን «ጨምር» ይለዋል። እኔ ከወረቀቱ ላይ የተጻፉትን ሁለት ፊደሮች አስወጣለሁ። 49.2 ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ መመለስ ጀመረ። ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ የምንነጋገረውን ቀድመን ተነጋግረን ነበርና። ስለዚህ «ብደነዝዝስ?» ላልከው መልሴ ይህ ነው። የደነዘዘ ሰውም የተጻፈ ያነባል።

ወደ ስልኩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ንጋት ሲቃረብ የጥገና ቡድኖች መስመር ይጠይቃሉ። አንተም ደክመሃል፤ ሰብስቴሽኑ (ማከፋፈያ ጣቢያው) ላይ ሆኖ ብሬከሩን፣ ማለትም የመስመሩን ማቋረጫ፣ የሚከፍተው ልጅም ደክሟል። ንግግሩ እንዲህ ይሁን፦

«ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። 132 ኪሎ ቮልት፣ መስመር ሁለት፣ ብሬከሩን ክፈት። ድገምልኝ።»

«132፣ መስመር ሁለት፣ ብሬከሩን ልከፍት ነው።»

«ልክ ነው፣ ክፈት። ሰዓቱ 11 ከ12።»

«ተከፍቷል። በሦስቱም ፌዝ አምፔሩ ዜሮ ነው።»

አየህ፣ «እሺ» ብቻ ብሎ የሚዘጋ ሰው ካጋጠመህ መልሰህ ደውል። ቅር ቢለውም ግድ የለህም። መስመር ሁለትን ከፍቻለሁ ብሎ መስመር ሦስትን የከፈተ እንደሆነ፣ መስመር ሁለት ላይ እጁን የሚያሳርፈው የሰው ልጅ ነው። ቤቱ ልጆች አሉት። መስመሩ ከመሬት ጋር ሳይያያዝ (ኧርዝ ሳይደረግ)፣ የሥራ ፈቃዱ ላይ ፊርማ ሳይኖር «ግባ» የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ።

አሁን ወደ ሰውነትህ። ቡናውን አልከለክልህም፤ እኔም ያለ ቡና ሌሊት አልሠራሁም። ግን በመጀመሪያው አጋማሽ ጠጣው፤ ከ8 ሰዓት በፊት ጨርስ። የጠጣኸው ቡና ግማሹ ከሰውነትህ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ቡና አልጋህ ውስጥ ይጠብቅሃል። ጫት ግን አደራ። ሌሊቱን ያነቃህ መስሎህ የቀኑን እንቅልፍ ይወስድብሃል፤ ሁለተኛውን ሌሊት ባዶህን ትገባለህ። በዚህ መንገድ የተጎዱ ጎበዝ ልጆችን አውቃለሁና ነው የምለምንህ።

የክፍሉን መብራት አታደብዝዙ። ስክሪኑ ጎልቶ እንዲታይ ብላችሁ የምታጠፉት መብራት እንቅልፍ ይጠራል። ከባድ ምግብ በምሽቱ ብላ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀለል ያለ ነገር ይበቃል። ተነስና ንባብህን ቆመህ ውሰድ። መመሪያችሁ የሚፈቅድና ጠረጴዛውን የሚይዝልህ ሰው ያለ ከሆነ 20 ደቂቃ ማሸለብ ከሦስት ሲኒ ቡና ይበልጣል። ከዚያ በላይ ከተኛህ ግን ስትነሳ ትደነዝዛለህ። ከተነሳህ በኋላም ፊትህን ታጥበህ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትቆይ ጠረጴዛውን አትረከብ። መመሪያችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ተደብቀህ አትተኛ፤ በግልጽ ስብሰባ ላይ አንሳው። ፈረቃችሁ ላይ ሁለት ሰው መኖሩ ለዚህ ጭምር ነው።

የጧቱን ርክክብ ደግሞ ከ8 ሰዓት ጀምረህ ጻፍ። ብዙዎች ሊወጡ ሲሉ፣ አእምሮ ባለቀበት ሰዓት ይጽፉታል። ያን ጊዜ የሚረሳው ዋናው ነገር ነው፤ የተከፈተችው መስመር፣ የታገደችው ሪሌይ (አደጋ ስታይ መስመር የምታስቆርጥ መከላከያ)፣ ያልተመለሰው የሥራ ፈቃድ። ጭንቅላትህ ንጹሕ ሳለ ጻፈውና ንጋት ላይ የተለወጠውን ብቻ አርመው። ስትወጣም መኪና አትንዳ፤ በሰርቪስ ሂድ።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ባለቤቴ የመቆጣጠሪያ ክፍል ተረኛ ነው። ሌሊት ሠርቶ ጧት 2 ሰዓት ይገባል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆች ይጮኻሉ፣ ጎረቤት በር ያንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል። አራት ሰዓት ያህል እንኳ አይተኛም፤ ሲነሳ ይቆጣል። ዘመዶቹ ‹ለቅሶ አልደረሰም፣ ኮርቷል› ብለው ተቀይመውታል። በጾም ወቅት ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ነው የሚተኛው፤ ‹ተኝቶ ውሎ ምኑን ጾመው› ይሉታል። እኔም ደክሞኛል።»
— ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። የሌሊት ሠራተኛ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ነው ፈረቃ የሚገባው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የእሱ የቀን እንቅልፍ ከሥራው አይለይም። ለቤተሰቡም፣ ለጎረቤቱም በዚህ ቋንቋ ንገሪያቸው። «ተኝቷል» ስትያቸው ሰዎች ቀስቅሺው ይሉሻል። «ሥራ ላይ ነው» በያቸው። የወሩን የፈረቃ ፕሮግራም ቅጂ ፍሪጅ ላይ ለጥፊ። በአንድ ደረጃ ለምትወጡ ጎረቤቶች አንድ ጊዜ ቡና አፍልተሽ፣ በየትኞቹ ቀናት እስከ 8 ሰዓት እንደሚተኛ አስረጂያቸው። እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ከዚያ በኋላ በርበሬ የሚያስቀጠቅጡት ጎረቤቴ «ዛሬ አለሽ?» ብለው ሳይጠይቁ ሙቀጫ አያስነሱም ነበር።

ስልኩን አንቺ ያዢው። ከሥራ ቦታው ሲደወል ብቻ ቀስቅሺው። መስኮቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ፤ ብርሃን ሲገባ አካሉ «ነግቷል» ይላል። ከሥራ ሲመጣ የፀሐይ መነጽር ያድርግ፤ ሰው ቢስቅም ይሳቅ። እንደገባ ቁርስ ቀመስ አድርጎ ወዲያው ይተኛ። «ትንሽ ጉዳይ ልፈጽም» ብሎ እስከ 5 ሰዓት የቆየ ሰው እንቅልፉ ያመልጠዋል። በአንድ ጊዜ የማይሞላለት ከሆነ ሁለት ቦታ ይክፈለው፤ ጧት የቻለውን፣ ምሽት ፈረቃ ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል።

የለቅሶው ነገር ከባድ ነው። እኛ አገር ሰው የሚለካው በመድረሱ ነው። ተረኛው ግን ቀብር ላይ ውሎ ሌሊት ቢገባ አደጋው የእሱ ብቻ አይሆንም። እንዲህ አድርጉ። አንቺ በእሱ ስም ቀድመሽ ድረሺ፤ ለዕድሩም ፈረቃውን አሳውቁ። እሱ በዕረፍት ቀኑ ሄዶ ይቀመጥ፤ ከቀብር በኋላ ባሉት ቀናት፣ ሰው ሲቀንስ የሚመጣ እንግዳ ለሐዘንተኛው ብዙ ነው። ለዘመዶቹ ደግሞ ሥራውን አስረዷቸው። ብዙዎቹ «መብራት ኃይል ይሠራል» ከማለት ሌላ የሚያውቁት የለም። የአንድ ክልል መብራት ሌሊቱን በእሱና በጓደኛው እጅ እንደሚያድር ከሰሙ አይቀየሙትም።

ጾሙን በተመለከተ ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገር። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን እንዴት እንደሚያደርግ እሳቸው ይነግሩታል። ጎረቤት የሚፈርደው ነገር አይደለም። በረመዳን አብረውኝ የሠሩ ሙስሊም ባልደረቦቼ ሱሁራቸውን እዚያው ፈረቃ ላይ ይበሉ ነበር፤ እኛ ጠረጴዛውን እንይዝላቸዋለን፣ እነሱም በገናና በፋሲካ ሌሊት በእኛ ፈንታ ይገቡልናል። ስኳር ወይም ግፊት ካለበት ግን ሐኪም ሳያማክር አይጹም።

ስለ ቁጣው አንድ ነገር ልጨምር። ያልተኛ ሰው ይቆጣል፤ ይሄ የተለመደ ነው። ዕረፍት ወጥቶም፣ ብዙ ተኝቶም ካልተለወጠ፣ ወይም ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ ሐኪም ይየው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 የሰውነትን ሰዓት የሚያዛባ የፈረቃ ሥራን «ለካንሰር ሳያጋልጥ አይቀርም» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል፤ በ2019 ስለ ሌሊት ፈረቃ በድጋሚ ተመልክቶ አጽንቶታል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ ምርመራ፣ ግፊትና ስኳር ጭምር፣ ቀልድ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሕክምና የሚሸፍን ከሆነ ይጠቀምበት።

ጥያቄ

«እኔ ዳቦ ቤት አለኝ። ሌሊት ነው የምንጋግረው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ተመልሶ ይሄዳል። ሊጡ ይበላሽብኛል። እውነቱን ንገሩን፤ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ማብሪያ ማጥፊያ ትጫወታላችሁ?»
— ከአዳማ

መልስ

ወንድሜ፣ ሊጥ ሲበላሽ የሚወጣው የሰው ላብ ነው፤ ብትናደድ አልፈርድብህም። ግን ማንም አይጫወትም። የሚሆነውን ላስረዳህ።

መብራት ሲሄድ በየቤቱ በርቶ የነበረው ነገር ሁሉ እንደበራ ይቀራል። ምጣዱ አልጠፋም፣ ምድጃው አልጠፋም፣ የአንተም ምድጃ አልጠፋም። ፍሪጁ ደግሞ እስኪመጣ ሞቋል፤ ሞተሩ ሊነሳ ተዘጋጅቷል። ፊደሩ ተመልሶ ሲገባ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል። በደህናው ጊዜ ምጣዶች አንዱ ሲበራ ሌላው እየጠፋ ነው የሚውሉት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል። መቶ ምጣድ በአንዴ ሲነሳ አስበው። ጭነቱ ከተለመደው በላይ ይሆናል፤ መከላከያ ሪሌዩ «ይሄ አደጋ ነው» ብሎ ብሬከሩን ይከፍተዋል። አንተ ጋ የሚታየው ግን «መጣና ሄደ» ነው።

ትልቅ መቋረጥ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ስስ ነው። መረቡ በሙሉ ከወደቀ መጀመሪያ አንድ የውሃ ማመንጫ ብቻውን ይነሳል። ለዚህ ግድቦች ጥሩ ናቸው፤ በባትሪና በትንሽ ዲዝል ጄኔሬተር የውሃውን በር ከፍቶ ተርባይኑን ማስነሳት ይቻላል። ከዚያ አንድ መስመር፣ አንድ ሰብስቴሽን፣ ጥቂት ፊደር እያለ ይሄዳል። ጭነት ትንሽ ሲጨመር ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፤ ተርባይኑ እስኪያስተካክለው ይጠበቃል፤ ደግሞ ይጨመራል። ተቻኩሎ ብዙ ፊደር ያስገባ ተረኛ ያስነሳውን ሁሉ መልሶ ይጥለዋል። አንዱ ሰፈር ከሌላው በፊት ሲበራ አድሏዊነት የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ይህ ቅደም ተከተል ነው።

አንተ የምታደርገው አለ። መብራት ሲሄድ ምድጃውን፣ ማቡኪያውን፣ ፍሪጁን አጥፋ። ሠራተኞችህንም አስለምዳቸው። አንድ አምፖል ብቻ አብርተህ ተው። ሲመጣ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቅና አንድ በአንድ አስነሳ። ዕቃህም ይድንልሃል፤ ቶሎ የመመለስ ዕድላችሁም ይጨምራል። ለሰፈርህ ሰው ብትነግርልኝ ደግሞ ሌሊት ላይ ያሉት ልጆች ይመርቁሃል። ይህን ሁሉ አድርገህም በየሌሊቱ በዚያው ሰዓት የሚሄድብህ ከሆነ ግን ምናልባት የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። ሰዓቱንና ቀኑን እየመዘገብክ፣ ከጎረቤቶችህ ጋር ተፈራርማችሁ በአቅራቢያህ ላለው አገልግሎት መስጫ ማዕከል አስገቡ። «ሁልጊዜ ይሄዳል» የሚል አቤቱታና ሰዓት የተጻፈበት አቤቱታ እኩል አይታዩም።

ጥያቄ

«እትዬ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል ኦፕሬተር ነኝ። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ገና ለማንም አልተናገርኩም። የሌሊት ፈረቃ ላይ ነኝ። ከቦታዬ ያነሱኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ደግሞስ ለሌሊት ፈረቃ 1.75 ይከፈላል የሚሉት እውነት ነው?»
— ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ለክፍያው ባጭሩ ልመልስልሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.75 እጥፍ የሚከፈለው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። መደበኛ ፈረቃሽ ሌሊት ላይ ስለዋለ ብቻ ይህ አይመለከትሽም። የሌሊት አበል ካለ የሚገኘው በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ ነው፤ ቅጂውን ከሠራተኛ ማኅበራችሁ ጠይቂ። ተተኪሽ ቀርቶ ከስምንት ሰዓት በላይ ስትቆዪ ግን እሱ ትርፍ ሰዓት ነው፤ በመዝገቡ ላይ የወጣሽበትን ሰዓት አስፈርሚ።

ዋናው ጉዳይ እርግዝናሽ ነው። ያው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሴትን በእነዚያ የሌሊት ሰዓታት ማሠራትን ይከለክላል፤ ትርፍ ሰዓት ማሠራትንም ጭምር። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ዕረፍት አለሽ። ለሐኪም ምርመራ ስትሄጂም ከክፍያ ጋር ነው። ይህ ማንም በደግነት የሚያደርግልሽ ውለታ አይደለም። እኔ በጀመርኩበት ዘመን ስለዚህ የሚነግረን ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ዛሬ ሳልታክት እናገረዋለሁ።

ከመቆጣጠሪያ ክፍል ውጪ መዛወርን ከፈራሽ ጥያቄሽን ለይተሽ ጻፊ። «ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ፈረቃ» በይ፤ «ከሥራ መደቤ» አትበይ። ቀን ላይ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሥራ ሞልቷል፤ የጥገና ፕሮግራም ማጣራት አለ፣ የመቋረጥ ሪፖርት መተንተን አለ፣ ራሱ የቀኑ ዴስክ አለ። የሐኪም ማስረጃ አያይዢ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርጊና አንዱ ላይ ገቢ ያደረገው ሰው ፈርሞ፣ ቀንና ቁጥር ጽፎ ይመልስልሽ። መልስ ቢዘገይ ይዘሽ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሂጂ። ቀጣዩ የፈረቃ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት፣ በዚህ ሳምንት አስገቢው።